አሮጌው ሳጥን ነፍስ ሲዘራ

በሐይቅ ከተማ፣ እንደ ሌላውም የአገራችን ከተማ፣ «ሲፒዩ» ሲባል ሰው የሚያስበው ከጠረጴዛው ሥር የተቀመጠውን ጥቁር ሳጥን ነው። «ሲፒዩው አልነሳ አለ» ይባልና ሳጥኑ እንዳለ ታቅፎ ወደ ጥገና ቤት ይወሰዳል። እውነተኛው ሲፒዩ፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ፣ ግን ከክብሪት ቀፎ የማይበልጥ ስስ ቁራጭ ነው። በሳጥኑ ውስጥ ካሉት ዕቃዎች መካከል ብልሽት እምብዛም የማይነካውም እሱ ነው። ታማሚው አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ነው፦ አቧራ የጠገበ ማራገቢያ፣ ከማረፊያው የላላ ራም፣ ያረጀ ሃርድ ዲስክ፣ አንዳንዴም ሳንቲም የምታህል አንዲት ባትሪ። ይህን ለይቶ ለማወቅ ክዳኑን መክፈት ያስፈልጋል። ኮምፒውተርን በገዛ እጅ የመገጣጠምና የማሻሻል ፍቅር ሰውን የሚይዘውም ያን ጊዜ ነው።

ይህ ፍቅር በሀብታም አገሮች ሌላ መልክ አለው። በመስታወት ግድግዳ የተሠራ ሳጥን፣ በቀለም የሚያበሩ ማራገቢያዎች፣ በውሃ የሚቀዘቅዝ ፕሮሰሰር፣ ከእነዚህም ሁሉ የሚወደድ ግራፊክስ ካርድ ይታያል። ገንዘብ ካለ ዕቃው በሦስት ቀን ቤት ይደርሳል። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ በስተሰሜን በምትገኘው በሐይቅ፣ ከዚያም አልፎ በአምባሰሏ ውጫሌ፣ ነገሩ የሚጀምረው ከአሮጌ ሳጥን ነው። ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤቱ፣ ዘፈንና ፊልም በፍላሽ የሚጭነው ሱቅ፣ ፎቶ ቤቱ፣ ትምህርት ቤቱና የወረዳው ጽሕፈት ቤት የሚሠሩት በብዛት ውጭ አገር በቢሮ አገልግለው በተሰናበቱ ዴልና ኤችፒ ኮምፒውተሮች ነው። አዲስ መግዛት ለብዙው ሰው ከአቅም በላይ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ይበልጥ ከብዷል። በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል፤ የኮምፒውተር ዕቃም የሚገዛው በዶላር ነው። ስለዚህ በዚህ አካባቢ ማሻሻል ከጌጥነቱ ይልቅ አዋቂነቱ ይበልጣል፤ ያለውን ዕቃ መርምሮ የቱን ቢለውጡት ብዙ ጥቅም እንደሚገኝ ማወቅ ነው።

እንዲህ ዕቃ እየለዋወጡ ማሻሻል የራሱ ታሪክ አለው፤ የአንዱ ኩባንያ ራም በሌላው ኩባንያ ቦርድ (ማዘርቦርድ) ላይ ገብቶ የሚሠራው እንዲያው በአጋጣሚ አይደለም። እ.ኤ.አ. በጥር 1975 አንድ የአሜሪካ የኤሌክትሮኒክስ መጽሔት አልቴር 8800 የሚባል ኮምፒውተር በሽፋኑ ይዞ ወጣ። ማሽኑ ገዢው ራሱ እየበየደ የሚገጣጥመው የቁራጮች ጥቅል ሲሆን መነሻ ዋጋው 397 ዶላር ነበር። ማሳያ የለውም፣ የፊደል ገበታም የለውም፤ ያለው የመቀያየሪያ ረድፍና ብልጭ የሚሉ መብራቶች ብቻ ነው። ያም ሆኖ ሺዎች አዘዙት። በዚያው ዓመት በካሊፎርኒያ ኮምፒውተር ወዳዶች የመሠረቱት ክበብ ውስጥ ስቲቭ ዎዝኒያክ የሚባል ወጣት የሠራውን ለጓደኞቹ ያሳይ ነበር፤ የአፕል ኩባንያ መነሻም ያ ሆነ።

ወሳኙ እርምጃ የተወሰደው ግን እ.ኤ.አ. ነሐሴ 12 ቀን 1981 ነው። አይቢኤም የግል ኮምፒውተሩን ያወጣው ጊዜ ለመቆጠብ ሲል ከሌሎች በገዛቸው ዕቃዎች ሠርቶ ነው፤ ፕሮሰሰሩን ከኢንቴል፣ ማሽኑን የሚያሠራውን ሥርዓት (ኦፕሬቲንግ ሲስተም) ከማይክሮሶፍት ወሰደ። የአሠራሩን ዝርዝርም አሳተመ። በማሽኑ ላይ የሚሰካ ካርድ የሚሠሩ ሌሎች ኩባንያዎች መጡ፤ በተከታዩ ዓመት ኮምፓክ ከአይቢኤም ጋር የሚስማማ የራሱን ማሽን ይዞ ቀረበ። እ.ኤ.አ. በ1995 ኢንቴል የቦርዱን ስፋት፣ የብሎኖቹን ቀዳዳና የፓወር ሰፕላዩን መሰኪያ የሚወስነውን ኤቲኤክስ የተባለ መለኪያ አወጣ። ዛሬ አዲስ አበባ ላይ የተገዛ ቦርድ ደሴ በተገዛ ሳጥን ውስጥ ልክክ ብሎ የሚቀመጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ነገሩን በአንድ ማሽን ማየት ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 ለዚህ ምቹ ነው። እንበልና አንድ የሐይቅ ተማሪ ወይም የጽሕፈት ቤት ባለቤት ይህን ማሽን አገኘ። በውስጡ ኮር አይ5-3470 የተባለ ባለ 4 ኮር ፕሮሰሰር፣ 4 ጊጋባይት ራምና አሮጌ ሃርድ ዲስክ አለ። ሲበራ ቡና ይፈላል፤ አንድ ሰነድ ሲከፈት ጠቋሚው ይቆማል። ባለቤቱ «ፕሮሰሰሩ አርጅቷል» ይላል። አላረጀም። ለጽሕፈት፣ ለትምህርት ቪዲዮ፣ ለሒሳብ ሠንጠረዥና ለመጠነኛ የድምፅ ቅንብር ዛሬም ይበቃል።

የመጀመሪያው ሥራ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ጽዳት ነው። ማሽኑ ከመብራት ተነቅሎ፣ የማብሪያው ቁልፍ አንድ ጊዜ ተጭኖ በውስጡ የቀረው ኃይል እንዲወጣ ይደረጋል። ቀጥሎ እጅ የሳጥኑን ብረት ይነካል፤ በሰውነት ላይ የተጠራቀመው ኤሌክትሪክ ወደ ቦርዱ እንዳይዘል ነው። ከዚያ ለስላሳ ብሩሽ ብቻ በቂ ነው። ብዙ ሰው ሳጥኑን ወደ ጎሚስታ ወስዶ በኮምፕሬሰር ማስነፋት ይቀለዋል፤ ነገር ግን ከጎማ መንፊያ የሚወጣው አየር ውሃና ዘይት ሊያዝል ይችላል፣ ኃይሉም ማራገቢያውን ከአቅሙ በላይ አሽከርክሮ ይሰብረዋል። ሌላ መንገድ ከጠፋ እንኳ ማራገቢያውን በጣት ይዞ፣ ከራቅ ብሎ መንፋት ያስፈልጋል።

በወሎ ደጋ ደግሞ ለጽዳት የተለየ ምክንያት አለ። ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደሴ ወደ 2,500 ትጠጋለች። በሐይቅ ከፍታ የአየሩ ጥግግት በባሕር ዳርቻ ካለው አራት አምስተኛ ያህል ብቻ ነው። ማራገቢያው ያንኑ ያህል ቢዞርም በእያንዳንዱ ዙር የሚገፋው አየር ስስ ነው፤ ሙቀት የሚሸከምበት አቅምም ያንሳል። የአካባቢው ቅዝቃዜ ጉድለቱን በከፊል ያካክሳል። አቧራ ሲጨመርበት ግን ማራገቢያው መጮህ፣ ፕሮሰሰሩም ራሱን ከሙቀት ለማዳን ፍጥነቱን መቀነስ ይጀምራል። ባለቤቱ የሚያየው «ዘገየ» የሚለውን ብቻ ነው። ከ10 ዓመት በላይ ባገለገለ ማሽን ላይ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው ብረት መካከል ያለው ቅባት ደርቆ እንደ ኖራ ሊሰነጠቅ ይችላል። እሱን በአልኮል ጠርጎ የአተር ክክ የምታህል አዲስ ቅባት ማኖር ብዙ ጊዜ ማሽኑን ጸጥ ያደርገዋል።

ቀጥሎ ራም ነው። ኮምፒውተሩ በርቶ ማሳያው ጨለማ ሆኖ ከቀረ፣ ባለሙያዎች መጀመሪያ የሚያደርጉት ራሙን ነቅለው የወርቅማ ጥርሱን በላጲስ ማሸትና መልሰው መሰካት ነው። ቀላል ይመስላል፤ ግን «ሞተ» የተባለ ስንት ማሽን ያነሳ ዘዴ ነው። የማሻሻሉ ሥራም እዚሁ ላይ ነው፤ 4 ጊጋባይት የነበረውን ሁለት እኩል ቁራጮች ገዝቶ 8 ማድረስ። እኩል መሆናቸው ፕሮሰሰሩ በሁለት መስመር ጎን ለጎን እንዲያነብ ያስችለዋል። ሲገዙ ዓይነቱን ማየት የግድ ነው። ኦፕቲፕሌክስ 7010 የሚቀበለው ዲዲአር3 ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2014 ወዲህ የተስፋፋው ዲዲአር4 ጥርሱ ላይ ያለው ስንጥቅ ቦታው ስለተለየ አይገባም፤ በጉልበት ቢገፋ ቦርዱን ይሰብራል። ሌላ የሚዘነጋ ነገርም አለ፦ ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ የተጫነበት ማሽን 16 ጊጋባይት ራም ቢገባበት እንኳ ከ4 በላይ አይጠቀምም። ያኔ መለወጥ ያለበት ሥርዓቱ ነው።

ትልቁ ለውጥ የሚመጣው ግን ከኤስኤስዲ ነው፤ በዚህ ላይ የሚያውቁ ሁሉ ይስማማሉ። ሃርድ ዲስክ በውስጡ የሚሽከረከር ሳህንና በላዩ የሚመላለስ እጅ አለው። የፈለገውን መረጃ እስኪያገኝ 10 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ትንሽ ይመስላል፤ ዊንዶውስ ሲነሳ ግን በሺዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን ፋይሎችን ከተለያየ ቦታ ይጠራል። ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ አካል ስለሌለው አንዱን ፋይል ከሚሊ ሰከንድ አንድ አሥረኛ ባነሰ ጊዜ ያገኛል፤ ትልቅ ፋይል ሲያነብም በሰከንድ 500 ሜጋባይት ገደማ ይደርሳል። ደቂቃዎች ይፈጅ የነበረው ማብራት ወደ ግማሽ ደቂቃ ይወርዳል። ለአንድ ነገር ብቻ ገንዘብ ያለው ሰው ይህን ቢገዛ አይጸጸትም። የተነቀለው ሃርድ ዲስክም ጤነኛ ከሆነ አይጣልም፤ ለፎቶና ለሰነድ ሁለተኛ ማስቀመጫ ይሆናል።

ስለ ማስቀመጥ ከተነሳ ሐይቅ የራሷ ምስክር አላት። በ13ኛው ክፍለ ዘመን በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የአባ ኢየሱስ ሞዓ ትምህርት ቤት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1280/81 የተጻፈው የአራቱ ወንጌል ብራናቸውም እስከ ዘመናችን ደርሷል። ይህ መጽሐፍ በ20ኛው ክፍለ ዘመን በፊልም ተነስቶ በኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ስብስብ ውስጥ 1832 የሚል ቁጥር ተሰጠው። የፊልሙ ቅጂ በአሜሪካ በሚኒሶታ ግዛት ተቀምጧል፤ ሊቁ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም ስብስቡን ዘርዝረው ለተመራማሪዎች አቅርበዋል። ዋናው በሐይቅ፣ ቅጂው በሌላ አህጉር ማለት ነው። የአንድ ጽሕፈት ቤት የ10 ዓመት ሰነድ ወይም የአንድ ፎቶ ቤት የሠርግ ፎቶዎች በአንድ ዲስክ ላይ ብቻ መቅረታቸው የሚያስፈራውም ለዚህ ነው። ሁለተኛ ቅጂ፣ በሌላ ቤት፣ ከመብራት ተነቅሎ ሊቀመጥ ይገባል።

ከሁሉም በላይ የሚናቀው ዕቃ ፓወር ሰፕላይ ነው። ከግድግዳው የሚመጣውን 220 ቮልት ወደ 12፣ 5 እና 3.3 ቮልት አውርዶ ለሁሉም የሚያከፋፍለው እሱ ነው። መብራት በሚመላለስበት ከተማ ጉዳት የሚያደርሰው መጥፋቱ ብቻ አይደለም፤ ተመልሶ ሲመጣ የሚወረወረው ኃይልም ነው። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ ማሽኑን ከዲቫይደሩ ነቅሎ፣ ሲመጣም ጥቂት ደቂቃ ታግሶ መሰካት ያለ ወጪ የሚገኝ መከላከያ ነው፤ አቅም ያለው ስታቢላይዘርና ዩፒኤስ ይጨምራል። በገበያ ላይ «600 ዋት» የሚል ወረቀት የተለጠፈባቸው፣ በእጅ ሲያነሷቸው ግን ባዶ ጣሳ የሚመስሉ ፓወር ሰፕላዮች አሉ። ከእነዚህ ይልቅ ከታወቀ ኩባንያ የወጣ ያገለገለ 300 ዋት ይታመናል። አንድ ወጥመድም አለ፦ ኦፕቲፕሌክስ 7010 የተለመደውን ባለ 24 እግር መሰኪያ ሲጠቀም፣ ከእሱ በኋላ የወጡት 7020 እና 9020 ግን የዴል ብቻ የሆነ ባለ 8 እግር አላቸው። ተራ ፓወር ሰፕላይ ገዝቶ ለእነዚያ መግጠም ያለ ማገናኛ ሽቦ አይቻልም።

ስለ ግራፊክስ ካርድ ብዙ ይወራል፤ ለጽሕፈት ቤት ግን አያስፈልግም። ለጨዋታ፣ ለቪዲዮ ቅንብርና ለንድፍ የሚሠራ ሰው ይፈልገዋል። ቦርዱ ላይ ያለው መሰኪያ ብቻውን እስከ 75 ዋት ይሰጣል። በትንሽ የቢሮ ሳጥን ውስጥ የሚበጀውም ተጨማሪ ሽቦ የማይጠይቅ፣ ቁመቱም ያጠረ ካርድ ነው። ጂቲ 1030 30 ዋት ብቻ ይበላል፤ ጂቲኤክስ 1650 ደግሞ ወደ 75 ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 የኢቴሪየም ዲጂታል ገንዘብ በግራፊክስ ካርድ መመረቱ ሲቆም በዓለም ገበያ ላይ ያገለገለ ካርድ ጎርፎ ነበር። ከዚያ ውስጥ ጥሩም ሌት ተቀን ሲነድ የከረመም አለ፤ አሮጌ ካርድ በሶፍትዌር ስሙ ተቀይሮ እንደ አዲስ የሚሸጥበት ማጭበርበርም የታወቀ ነው። ካርዱን በማሽን ላይ አስነስቶ፣ ማንነቱን በሚመረምር ነፃ ፕሮግራም አይቶ፣ ከዚያ መክፈል ነው። በፍላሽና በሜሞሪ ካርድም ያው ማታለል አለ፤ 8 ጊጋባይቱ 128 ተብሎ ይጻፍበታል፤ ሲሞላ ፋይሉ ይጠፋል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ማሽኑ ተነስቶ ቀኑን ከዓመታት በፊት ያሳይ ይሆናል፤ የባንኩም የኢሜይሉም ገጽ «አስተማማኝ አይደለም» እያለ አይከፈትም። ሰው ቫይረስ ነው ብሎ ሙሉ በሙሉ ፎርማት ያስደርጋል። ጥፋቱ በቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር2032 የተባለች ክብ ባትሪ ማለቋ ብቻ ነው። ብራውዘሩ የድረ ገጾችን የደኅንነት ማረጋገጫ የሚያስተያየው ከማሽኑ ቀን ጋር ስለሆነ ቀኑ ሲሳሳት ሁሉም ይዘጋል። ባትሪዋን ለመለወጥ ሁለት ደቂቃ ይበቃል።

አሁን የማይታለፍ ጥያቄ አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ የደኅንነት እድሳት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በይፋ የሚቀበለው 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ የሆኑ የኢንቴል ፕሮሰሰሮችን፣ ከተፎካካሪው ከኤኤምዲም የዚያን ዘመን አቻዎቻቸውን ነው። አይ5-3470 3ኛ ትውልድ ነው። ያም ሆኖ ማሽኑን መጣል አይገባም። ኡቡንቱንና ሚንትን የመሳሰሉ የሊነክስ ሥርዓቶች በነፃ ይጫናሉ፣ እድሳታቸው አልተቋረጠም፣ ግዕዝ ፊደልንም ይጽፋሉ። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ የዓለም መለኪያ ውስጥ ስለገባ በየትኛውም ዘመናዊ ሥርዓት ላይ ይነበባል። ዩኒኮድን በማይከተሉ፣ እንደ አሮጌው ፓወር ግዕዝ ባሉ ፊደላት (ፎንቶች) የተተየቡ የቆዩ ሰነዶች ግን በአዲሱ ማሽን ላይ የተዘበራረቀ ምልክት ሆነው ይወጣሉ። የጽሕፈት ቤት ባለቤት አሮጌውን ዲስክ ከማጥፋቱ በፊት እነዚያን ሰነዶች ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ወይም ቢያንስ የፎንቱን ፋይል መገልበጥ አለበት። ይህን የዘነጋ ሰው የዓመታት ሥራው ያመልጠዋል።

ከአሮጌ ሳጥን ጋር አንድ ሁለት ዓመት የታገለ ሰው በመጨረሻ የሚመኘው ከባዶ መገጣጠም ነው። ደረጃ በደረጃ ለሚገዛ ሰው ኤኤምዲ እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው ኤኤም4 የተባለው የፕሮሰሰር መቀመጫ ታማኝ ሆኖ ቆይቷል፤ በዚያው መቀመጫ ላይ የሚገቡ ፕሮሰሰሮች ለዓመታት መውጣታቸውን ቀጥለዋል። ለምሳሌ ራይዘን 5 5600ጂ የተባለው ባለ 6 ኮር ፕሮሰሰር ግራፊክሱን በውስጡ ስለያዘ ካርዱን መግዛት ለሌላ ዓመት ማቆየት ይቻላል። ቦርዱና ፓወር ሰፕላዩ ግን መጀመሪያውኑ ጥሩ መሆን አለባቸው፤ የቀረው ቀስ በቀስ ይጨመራል። የራም ዋጋ እ.ኤ.አ. በ2025 መጨረሻ በዓለም ገበያ በኃይል ማሻቀቡንም ማወቅ ያሻል። ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚገነቡት ግዙፍ ማዕከላት ምርቱን ስለሚሻሙት፣ አሜሪካ ላይ የሚሠራ ማዕከል ሐይቅ ላይ የሚገዛውን ቁራጭ ያስወድዳል።

ወጣቱ ይህን የሚማረው የት ነው? ወሎ ዩኒቨርሲቲ በደሴና በኮምቦልቻ አለ፤ በከተሞቹም የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች አሉ። ዕውቀቱ ይበልጥ የሚተላለፈው ግን በጥገና ቤት ወንበር ላይ፣ ካቻቢቴ በእጅ ይዞ ነው። አካባቢው ብዙ አይቷል። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያዳርስ የዩኒቨርሲቲው ንብረት ሳይቀር ተዘርፏል፤ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ኢንተርኔት በሌለበት ቦታ የቦርድ ሶፍትዌር፣ የሊነክስ ፋይልና የማስተማሪያ ቪዲዮ የሚደርሰው በፍላሽ፣ ከእጅ ወደ እጅ ነው። አንድ ጥሩ 64 ጊጋባይት ፍላሽ፣ በውስጡ ሁለት ሦስት ሥርዓትና የመመርመሪያ ፕሮግራሞች ተጭነውበት፣ ለአንድ ሰፈር ይበቃል። የአምባሰልን ቅኝት በማሲንቆ የሚጫወት ልጅ ድምፁን የሚቀዳበት፣ የ12ኛ ክፍል ተማሪም ፈተና የሚለማመድበት ማሽን ከዚህ ይወጣል።

በየጽሕፈት ቤቱና በየትምህርት ቤቱ መጋዘን ውስጥ «የተበላሸ» ተብለው የተደረደሩ ኮምፒውተሮች አሉ። ኃላፊዎቹ የንብረት አወጋገድ ደንቡ በሚፈቅደው መንገድ ቁልፉን ለተማሪዎች የአይሲቲ ክበብ ቢከፍቱ፣ መምህሩም አንድ ካቻቢቴ፣ አንድ ብሩሽ፣ አንድ ላጲስና ጥቂት ሲአር2032 ባትሪ ይዞ ቢገባ፣ ከአምስቱ ሳጥን ሁለቱን አገጣጥሞ ማስነሳት የሚቻል ነው። ዲስኮቹ ሳይመረመሩና የቆዩት ሰነዶች ሳይገለበጡ ግን አንድም ሳጥን አይጣል።